የእትዬ አገሬ ቃል፣ የማናለሽ እጅ

ሰው በጎረቤቱ በሬ ይቀናል፣ በባልንጀራው ጠጉር ይቀናል፤ በእህቱ ባል የቀናም ሰምተናል። በደብዳቤ የተቀናኑ ዘመዶች ግን እኔ ከእነዚህ በቀር አላጋጠሙኝም። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ወይዘሮ አገሬ ቢቸና የሚኖሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ጨዋታ የሚወዱ እናት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ሳባ አዲስ አበባ ሄዳ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ትማራለች፤ በ1995 ዓ.ም. የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ለእናቲቱ ደብዳቤ የምትጽፍላቸው ደግሞ የሟች ባላቸው የአጎት ልጅ ልጅ፣ የሞጣዋ ማናለሽ ናት። ማናለሽ ከሳባ ጋር አንድ ክፍል ተምራለች። በማትሪክ ጥቂት ነጥብ ጎድሏት ቀረች። እትዬ አገሬ ቤት ተቀምጣ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግታ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ትጽፋለች። ማታ ቤት ስትገባ የእትዬን ደብዳቤ ትጽፋለች።

እንግዲህ አንብቡልኝና ፍረዱ።

ቢቸና፣ ኅዳር 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳባ ከፋለ፤ አገር ለአገር ከሚዞር ክፉ ሁሉ የላይኛው ይሰውርሽ። እኔ እናትሽ አንቺን የሚጠብቅልኝ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ቤቱ ነው። በሩን ስከፍተው አንቺ የገባሽ መስሎት ይንጫጫል፤ እኔ መሆኔን ሲያይ ዝም ይላል።

ማታ ማታ መነኸሪያ እወርዳለሁ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሲገባ የሚወርደውን ሰው ፊት ፊቱን አያለሁ። ከመሐላቸው አንቺን ያየ አይጠፋም እላለሁ፤ ባንድ መንገድ አልፎሽ፣ ባንድ ሱቅ በር ላይ ቆሞ አይቶሽ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው የመሰለኝ እንደሆነ ሻንጣውን ብሸከምለት ደስ ይለኛል። «ምን ትጠብቂያለሽ?» የሚለኝ ሲመጣ «ዕቃ ይመጣልኛል» እላለሁ። ውሸት አይደለም።

ጤፉ ዘንድሮ አንገቱን ደፍቷል፣ እሸሸሸ ሲል ያድራል። ጎረቤታችን ፋንታነሽ ልጇን ለጥር ልትድር ነው። ሙሽራው የሉማሜ ልጅ ነው። ሽማግሌ መላክ ሰልችቶት ራሱ ሊጠይቅ መጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ልቡ ከዳውና ውሃ ለምኖ ጠጥቶ ተመለሰ። ፋንታነሽ «ለውሃ ልመና እዚህ ድረስ? ሉማሜ ውሃ የለም ወይ?» እያለች ሰፈሩን ስታስቅ ሰነበተች።

እግዜር በሰላም ያገናኘን። እናትሽ አገሬ።

*ከዚህ በታች ያለው የእትዬ አይደለም፣ የኔ የማናለሽ ነው። ሳቢዬ፣ እንደምን አለሽ? የድርሰት ትምህርቱን ሃንድአውት እልክልሻለሁ ብለሽኝ ነበር። ክረምቱም አለፈ። አንብበሽ የጨረስሽው አሮጌውም ይበቃኛል።*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ አገሬ፤ ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ። እኔ ከትምህርቱ ጋር ስታገል ደህና ነኝ።

እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቁጭ በይና ስሚ። የፈጠራ ድርሰት የሚያስተምረን መምህር ይግዛው ይባላል። ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ነን። ክብ ሠርተን እንቀመጥና አንዱ የጻፈውን ያነባል፤ ሌላው እንደ ጥጥ ይበጥሰዋል። ጸሐፊው ሁሉም እስኪጨርሱ ድረስ አፉን ዘግቶ መስማት ነው ሕጉ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያላለቀስሁበት ወር የለም።

ባለፈው «ከቤታችሁ የመጣ ማንኛውንም ጽሑፍ ይዛችሁ ኑ» አለን። አንዱ የአባቱን የግብር ደረሰኝ አመጣ፣ አንዷ የሠርግ ጥሪ። እኔ ያንቺን ደብዳቤ አነበብሁ። መነኸሪያው ጋ ስደርስ ወንበር የሚያንቀጫቅጨው ልጅ እንኳ ወደ ፊት ተጠጋ። መምህር ይግዛው መነጽሩን አውልቆ «ይህች ሴትዮ ፊደል አልቆጠሩም ነው የምትይኝ?» አለኝ። አዎ አልሁት። «እንግዲያውስ ሳባ፣ አትቀየሚኝና፣ እናትሽ ይበልጡሻል» አለኝ፤ በሰው ሁሉ ፊት። ሳቅሁ። ዶርም ገብቼ ግን ቀናሁብሽ። በገዛ እናት ይቀናል?

የመመረቂያ ጽሑፌን በደብዳቤዎችሽ ላይ እንድሠራ ፈቀደልኝ። «የእናቴ ደብዳቤዎች» ነው ርእሱ፤ ሳይማሩ ደራሲ ስለመሆን። ስለዚህ ከእንግዲህ ገንዘብም በርበሬም አትላኪልኝ፣ ወሬ ላኪልኝ። በተለይ ስለ መነኸሪያው አብዝተሽ ጻፊልኝ።

ልጅሽ ሳባ።

*ለማናለሽ፦ ስለምታነቢላትና ስለምትጽፊላት እግዜር ይስጥልኝ። መምህራችን የእጅ ጽሑፉም ሲያዩት ግልጽ ነው ብሏል።*

ቢቸና፣ ጥር 1 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሳባ፤ የልብሽን መሻት ይስጥሽ። ይህችን ለብቻዋ የላክኋት እትዬ እንዳይሰሟት ብዬ ነው።

ደብዳቤሽን አነበብሁላቸው። ድገሚው አሉኝ፣ ደገምሁት። በማግሥቱ ደግሞ ፋንታነሽን ጠርተው አስነበቡኝ። አሁን እትዬ ገበያ ሲወርዱ እንኳ አረማመዳቸው ሌላ ሆኗል። ሽንኩርት ሻጯ ዋጋ ስትጨምርባቸው «የኔ ቃል እኮ አዲስ አበባ ይመረመራል» አሏት። እሷም «ታዲያ በቃልዎ ይግዙኝ» አለቻቸው።

መጀመሪያ ቀን ግን አንብቤ እንደጨረስሁ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር። «ማናለሽ፣ እኔ እውነት ይህን ሁሉ ብያለሁ?» አሉኝ። «ብለዋል እትዬ» አልኋቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

እዚያ ክብ ሠርታችሁ የምትቀመጡበትን ሳስበው አደርኩ። አልቅሼበታለሁ ያልሽውን ወንበር ማለቴ ነው። ሳባ፣ ያን ሁሉ የተማረ ሰው ሰብስቦ ስለ ጻፍሽው ነገር የሚያከራክርልሽ ወንበር ተሰጥቶሽ ታለቅሻለሽ። እኔ የጻፍሁትን የሚያነበው ዳኛው ነው፤ እሱም ቀጠሮ ሰጥቶ ይዘጋዋል።

አንዲት አጭር ታሪክ ጽፌ አብሬ ልኬልሻለሁ። በመሬት ድንበር ስለሚካሰሱ ወንድማማቾች ነው። ለመምህር ይግዛው ስጪልኝ። የኔ መሆኑን ንገሪው። ሃንድአውቱንም አትርሺ።

ማናለሽ።

አዲስ አበባ፣ የካቲት 10 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለማናለሽ፤ እንደምን ከርመሻል? መልስ ያዘገየሁት ፈተና ላይ ስለነበርሁ ነው።

ታሪክሽን አነበብሁት። ጥሩ ነው። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ ግን እንደ እማዬ የተፈጥሮ አይደለም፤ ትንሽ የተሠራ ይመስላል። የእማዬ ቃል ልፋት የለውም፤ ዝም ብሎ ይፈልቃል። ያንቺ የፍርድ ቤት ሽታ አለው። አትቀየሚኝ፣ እኛ እዚህ የምንነጋገረው እንዲህ ነው። መምህር ይግዛው ሰሞኑን ሥራ ስለበዛበት አላስቸገርሁትም።

ሃንድአውቱ ኮፒ የሚያደርግልኝ አጥቼ ነው።

ለእማዬ ይህን ንገሪልኝ፦ ምዕራፍ ሁለቴ ሙሉ በሙሉ በመነኸሪያው ላይ ነው። ስትሄድ ምን እንደምትለብስ፣ በየትኛው በኩል እንደምትቆም፣ ሲመሽ ምን እያሰበች እንደምትመለስ በራሷ አባባል ትጻፍልኝ። አንቺ ምንም ሳትቀይሪ እንዳለች አስቀምጪው።

ሳባ።

እዚህ ላይ ላቋርጣችሁ። ከዚህ በኋላ ለሳባ የደረሳት ደብዳቤ በማናለሽ እጅ አልተጻፈም። የጻፉት ሠላሳ ዓመት ግብር ቢሮ በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡት ጎረቤት፣ ጋሽ ሽታሁን ናቸው።

ቢቸና፣ መጋቢት 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ሳባ ከፋለ፣ ባሉበት።

ጉዳዩ፦ ሰላምታንና ልዩ ልዩ ነገሮችን ይመለከታል።

ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው እናትዎ ወይዘሮ አገሬ በመልካም ጤንነት ላይ የሚገኙ መሆኑን እየገለጽሁ፣ ናፍቆትን በተመለከተ ቀደም ሲል በነበረበት ሁኔታ የቀጠለ መሆኑን አስታውቃለሁ።

የመነኸሪያውን ጉዳይ በሚመለከት ላቀረቡት ጥያቄ፣ ወይዘሮ አገሬ ጥያቄው ግልጽ ያልሆነላቸው በመሆኑ ተብራርቶ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ።

የወይዘሪት ማናለሽ ባንተአምላክን ሁኔታ በተመለከተ፦ የካቲት 21 በተደረገው የማርያም ማኅበር ላይ ወይዘሮ አገሬ ስለ ቃላቸው መመርመር ለማኅበርተኞች በማስረዳት ላይ ሳሉ፣ ተጠቃሿ ጠላ መቅዳቷን አቁማ «ቃሉ የኔ ነው፣ እትዬ በርበሬ ሲቀነጥሱ ነው የጻፍሁት» በማለት በመናገሯ፣ ወይዘሮ አገሬም «ከነብዕርሽ ውጪልኝ» በማለት በመመለሳቸው፣ በተፈጠረው አለመግባባት ተጠቃሿ ወደ ትውልድ ቦታዋ ሞጣ የሄደች ስለሆነ፣ ደብዳቤ የመጻፉ ሥራ ለጊዜው ወደኔ ተዛውሯል።

ከሰላምታ ጋር፣
ስለ ወይዘሮ አገሬ፣ ሽታሁን።

ግልባጭ፦ ለአጎትዎ ለአቶ ታደለ፣ እንዲያውቁት።

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለማናለሽ፣ ሞጣ፤ ለጋሽ ባንተአምላክ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ከቤት የደረሰኝን ደብዳቤ ሳነብ እናቴ የሞተች ነው የመሰለኝ። ቃሏ ደርቋል። «ናፍቆትን በተመለከተ» የምትል እናት የለችኝም። ከጋሽ ሽታሁን ደብዳቤ ለምዕራፌ የሚሆን አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ፤ የመምህር ይግዛው ቀጠሮ ደግሞ ደርሷል።

ምን ነካሽ? በማኅበር ላይ፣ በሰው ፊት፣ ያሳደገችሽን ያህል ሴት ታዋርጃለሽ? በርበሬ ስትቀነጥስ ብትናገር ንግግርነቱ ይቀራል? ይቅርታ ጠይቂና ቢቸና ተመለሽ። ምንም አትጨምሪ፣ ምንም አትቀንሺ፤ የምትልሽን ብቻ ጻፊልኝ። ልመናዬ ነው።

ሳባ።

ሞጣ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለሳባ ከፋለ፤ ጤና ይስጥልኝ። አባቴም ደህና ነው።

የምትለኝን ብቻ ጻፊ አልሽኝ። እሺ፣ የሚሉኝን ልጻፍልሽ። እትዬ አገሬ እንዲህ ነው የሚሉኝ፦ «ደህና ነኝ በያት። ናፍቃኛለች በያት። ጤፉ ጥሩ ነው በያት። በቃ፣ የቀረውን አንቺ ታውቂበታለሽ።» አራት ዓመት ሙሉ ይህን ነው ያሉኝ። የቀረውን አንቺ ታውቂበታለሽ። መምህርሽ መነጽሩን ያወለቀለት፣ ሳባዬ፣ እሱ የቀረው ነው።

ቤቱ በሩ ሲከፈት ይንጫጫል ያልሁት እኔ ነኝ። የፋንታነሽን አማች ውሃ ያስለመንሁት እኔ ነኝ፤ ልጁ ከነሽማግሌው መጥቶ ሥርዓቱን ጨርሶ ነው የሄደው። ፋንታነሽ ብትሰማ ታንቀኛለች። እትዬ ደግሞ መነኸሪያ ሄደው አያውቁም። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አንቺ ልጃቸው ሆነሽ እንዴት ጠፋሽ? ቁልቁለቱን ወርደው በምን እግራቸው ይመለሳሉ?

መነኸሪያ የምሄደው እኔ ነበርሁ። ማታ ጃንጥላዬን አጥፌ እሄዳለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ተማሪዎች ሲወርዱ በብብታቸው የያዙትን መጽሐፍ ጀርባውን ለማንበብ አንገቴን አሰግጋለሁ። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲሉኝ «ዕቃ ይመጣልኛል» የምለውም እኔው ነኝ። ዕቃው ሃንድአውቱ ነበር።

ይህን በራሴ ስም ብጽፈው ማን ያነበው ነበር? ማመልከቻ ጸሐፊ መነኸሪያ ቆመች፣ ምን ይጠበስ ይባላል። እናት ስትቆም ግን ያስለቅሳል። ስለዚህ ለእትዬ ሰጠኋቸው። አሁን ግን ሙገሳውን ሳየው መልሱልኝ አልሁ። በራሴ ታሪክ ላይ «እንደ እማዬ የተፈጥሮ አይደለም» ብለሽ ስትጽፊልኝ በራሴ ነው የተበለጥሁት። እስኪ በዚህ የማይቀና ማን ነው?

ለመምህርሽ ንገሪው። ሌላ አልጠይቅሽም። በጽሑፍሽ ላይ ስሜ ይግባ።

ማናለሽ።

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለማናለሽ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለመመለስ እጄ አልነሳ ብሎኝ ነው የቆየሁት።

እስኪ ልጠይቅሽ። ባለጉዳይ መጥቶ የበደሉን ነግሮሽ ማመልከቻ ስትጽፊለት ክሱ ያንቺ ይሆናል? አሳምረሽ ስለጻፍሽው መሬቱ ላንቺ ይፈረዳል? ናፍቆቱ የእናቴ ነው። አንቺ ልብስ አለበስሽው እንጂ ሥጋው የሷ ነው።

ደግሞም ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። ሰባተኛ ክፍል ድርሰት ሲነበብ ያንቺ ነበር የሚነበበው። አሥራ አንደኛ ክፍልም ያንቺ ነበር። እኔ ማትሪክ ሳልፍ የሞጣም የቢቸናም ዘመድ «ያችኛዋ ነበረች የሚገባት» ማለቱን ያልሰማሁ መሰለሽ? እዚህ መጥቼ አራት ዓመት ሙሉ ያንን ለማስረሳት ነው የለፋሁት። በመጨረሻ መምህሬ የወደደልኝ አንድ ነገር ባገኝ እሱም ያንቺ ሆኖ ይገኝ?

ሰኔ 10 ነው የማቀርበው። አሁን ርእስ ብቀይር ዘንድሮ አልመረቅም። እማዬ ለምርቃቴ ብላ በግ ካሰረች ቆይታለች። እስኪያልፍ ድረስ ዝም በይልኝ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ሃንድአውቶቹን ሁሉንም ልኬልሻለሁ። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመቱን፣ ከነማስታወሻዬ።

ሳባ።

ማናለሽ ለዚህ ደብዳቤ መልስ አልጻፈችም። ሃንድአውቶቹንም ግን አልመለሰችም። አንዳንዶቻችሁ እዚህ ላይ ከንፈራችሁን እንደምትመጥጡ አውቃለሁ። እኔም መጥጫለሁ።

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማናለሽ፤ ክረምቱ በሰላም ይግባልሽ።

የሆነውን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔ ልጻፍልሽ።

እማዬን መጋበዝ የመምህር ይግዛው ሐሳብ ነበር። «ደራሲዋ ሳይገኙ አይሆንም» አለ። እኔ በምን አፌ እምቢ እላለሁ? ሰኔ 9 ከአጎቴ ከታደለ ጋር መጣች። አውቶቡስ አንገላቷት ጉልበቷን ይዛ ነው የወረደችው። አዳራሽ ውስጥ ከፊት አስቀመጥናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልክ የቄሱን ስብከት እንደምትሰማ ሆና ሰማችኝ። አቀረብሁ። ምዕራፍ ሁለትን ሳነብ አንዷ ልጅ መሐረብ አወጣች።

ጨረስሁ። ጥያቄ ተባለ። መምህር ይግዛው ወደ እማዬ ዞሮ ጎንበስ አለና «እማማ፣ ዛሬም ማታ ማታ መነኸሪያ ይወርዳሉ?» አላት።

«የምን መነኸሪያ?» አለችው።

«ልጅዎን የሚጠብቁበት።»

«ልጄ፣ እኔ ጉልበቴን አሞኝ ማርያምን ለመሳለም እንኳ በስንት መከራ ነው። መነኸሪያ ምን ልሠራ እወርዳለሁ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሷም የሳቁት በጨዋታዋ መስሏት አብራ ሳቀች። እኔ ጠረጴዛውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ታዲያ በደብዳቤው ላይ ያለው?»

«ኧረ እሱን የምታክልበት ማናለሽ ናት። እኔማ ናፍቃኛለች በያት ነው የምላት። ሥራዋ ነው፤ እኔ ምኑን አውቄው። ግን ጽፋ ጨርሳ ስታነብልኝ፣ እንዲህ ነው ለካ የናፈቅሁት እላለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

መምህር ይግዛው «ማናለሽ ማን ናት?» አላት። «የባሌ ዘመድ፣ የኔም ልጅ ናት። በነገር ተጣልተን ሞጣ ገባችብኝ። አሁን የሚጽፍልኝ ሽታሁን ነው፤ እሱ ሲያነብልኝ ግብር ያለብኝ ነው የሚመስለኝ» አለችው።

አልጣሉኝም። «ጽሑፉ ደህና ነው፤ የተጻፈበት ሰው ግን ሌላ ነው። እስከ ሐምሌ 5 አስተካክለሽ፣ የጸሐፊዋን ስምና ፈቃድ አያይዘሽ ካላመጣሽ አትመረቂም» ተባልሁ። መምህር ይግዛው ሌላ የጻፈችው አለ ወይ ሲለኝ የወንድማማቾቹን ታሪክ ሰጠሁት። በማግሥቱ ቢሮው ጠራኝ። ስለኔ በአራት ዓመት ያላለውን ስላንቺ በአንድ ከሰዓት አለ። ምን እንዳለ አልጽፍልሽም። ልጽፍ ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀደድሁ። ራስሽ መጥተሽ ስሚው፤ ነይ በያት ብሎኛል።

እማዬን ተሳፍራ ስትሄድ «አዋረድሽኝ» ልላት ነበር። እሷ ግን በመስኮቱ «ማናለሽን አስታርቂኝ፣ ቤቱ ጭር ብሏል» አለችኝ። ስለኔ ናፍቆት በራሷ አፍ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ለዚህ እንኳ ያንቺ ስም ቀደመኝ።

ፈቃድሽን ላኪልኝ። ስምሽን የት ላድርገው? ምስጋናው ላይ ባስገባው ይበቃሻል?

ሳባ።

ሞጣ፣ ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሳባ ከፋለ፤ ለምርቃትሽ በደህና ያድርስሽ።

አጎት ታደለ ከቢቸና መጥተው እትዬ ያሏቸውን ነገሩኝ። «ትምጣልኝ» ብለዋል። እሺ ብያለሁ፤ ግን በማኅበር ፊት የተባለው በማኅበር ፊት ይነሳ ብያለሁ። ለሐምሌው ማርያም ይነሳል። ፋንታነሽ ሰምታ «ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ፣ ጠቡን ማየት አለብኝ» ብላለች አሉ። ስለ አማቿ የጻፍሁትን እንዳታነቢላት አደራ።

ደብዳቤሽን ስከፍተው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። አዳራሹን አሰብሁት። እትዬ የተቀመጡባትን የፊት ወንበር አሰብኋት። የኔ ነበረች። ቀናሁባቸው። ደግሞ «እንዲህ ነው ለካ የናፈቅሁት» ያሉትን አነበብሁ። እሱን እኔ አልጨመርሁላቸውም፣ የራሳቸው ነው። እኔ ብጽፈው ኖሮ በሩን አንጫጭቼ፣ ጤፉን አስደፍቼ አበላሸው ነበር። በዚህ ደግሞ ይበልጥ ቀናሁ።

የሰባተኛ ክፍሉ ነገር እንዲህ እንደቆረቆረሽ አላውቅም ነበር። «ያችኛዋ ነበረች የሚገባት» ማለታቸውን እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ ፊቴ ላይ ማንም አላለኝም። አንቺ ሰምተሽው አራት ዓመት ተሸከምሽው፣ እኔ ደግሞ ብሰማው አራት ዓመት የምኖርበት ነበር። ወሬም እንደ ዕቃ ለማይፈልገው ቤት ይላካል ማለት ነው።

መምህርሽ ያለውን ለመስማት እመጣለሁ። እስከዚያ ምን እንዳለ ለማንም አትንገሪ፤ ለእትዬም ቢሆን፣ ሽንኩርት ገበያ ይደርሳል።

ፈቃዴን ከነፊርማዬ አያይዣለሁ። ምስጋናው ላይ ግን አታስገቢኝ። ምስጋና ለታይፒስትም ይጻፋል። በርእሱ ገጽ ላይ፣ ማናለሽ ባንተአምላክ ብለሽ፣ ከነአባቴ ስም ጻፊኝ።

ከስምሽ በላይ አድርጊው አላልሁም። በታችም አላልሁም።

ማናለሽ ባንተአምላክ።